የክላፕተን ስትራት ለትዝታ ይሆናል? ከሐዋሳ የተነሳ ጥያቄና የመጡት መልሶች

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም የጊታር ወዳጆች። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር ባሉ ሆቴሎች እጫወታለሁ። በሰርግ ወቅት ደግሞ ከአዳራሽ አዳራሽ ነው። ሊድ ጊታር ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

ከስድስት ወር በፊት ውጭ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ፌንደር ስትራቶካስተር ይዞልኝ መጣ። ጥቁር ነው። ራሱ ላይ የእንግሊዛዊው ጊታሪስት የኤሪክ ክላፕተን ፊርማ አለው። በሙዚቀኛ ስም የወጣ የመጀመሪያው ጊታር ነው፤ ዘመኑም 1988 እ.ኤ.አ.። ያኔ ሌስ ሴንሰር የሚባሉ ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት) ነበሩት። የእኔ ከ2001 ወዲህ ከተሠሩት ስለሆነ ቪንቴጅ ኖይዝለስ የሚባሉት ናቸው የተገጠሙለት። አንገቱ በጀርባው በኩል ለስለስ ያለ የቪ ቅርጽ አለው። ፍሬቱ (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) 22 ነው። ብሪጁ፣ ክሩ ከታች የሚያርፍበት ብረት፣ ከኋላ በእንጨት ስለታገደ አይወዛወዝም። ሆዱ ውስጥ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አለ። ባትሪው መሃለኛውን ድምፅ እስከ 25 ዴሲቤል የሚያነሳ ሰርኪዩት ያንቀሳቅሳል። የመጨረሻው ቁልፍ እስከ ጥግ ሲዞር ያ ቀጭን የስትራት ድምፅ ይወፍራል፣ ይረዝማል።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ለእኛ ቅኝት ከዚህ የተሻለ ሲግኔቸር (በሙዚቀኛ ስም የሚወጣ) ጊታር በእጄ ገብቶ አያውቅም። ምክንያቴ አንገቱ ነው። ድምፁን ግን አንዳንድ ጓደኞቼ ታፍኗል ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጊታሩ ነው የታፈነው ወይስ አያያዙ?

የመጡት መልሶች

ይህን የለጠፍኩት ሐሙስ ማታ ነው። በሳምንቱ 31 መልስ ደረሰ። ብዙ የተማርኩበት ስለሆነ ላላነበባችሁት በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መልስ 1 የመጣው እዚሁ ሐዋሳ ቤተክርስቲያን ውስጥ ከሚያገለግል ጊታሪስት ነው። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀ። የክሩ ውፍረት ስንት ቁጥር ነው? ወደ ምን አምፕ (ማጉያ) ነው የምትሰካው? በ2ኛው ቦታ ላይ መለስኩለት። ክሬ ከ10 እስከ 46 ያለው ነው። አምፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለኝም። አዳራሽ ውስጥ በአንድ ፔዳል አልፌ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ነው የምሰካው። ይህችን መልስ ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ቁልፏ እሷ ሆነች።

3ኛው መልስ እርማት ነው። በጨዋ አነጋገር፣ ግን በማያሻማ ሁኔታ፣ ስህተቴን ነገረኝ። የክላፕተን ጊታር ለፌንደር ኩባንያ እንጂ ለዓለም የመጀመሪያው አይደለም። የጊብሰን ሌስ ፖል በ1952 የወጣው በጊታሪስቱ በሌስ ፖል ስም ነው። 4ኛው ደግሞ አራሚውን አረመው። ከዚያም በፊት በ1920ዎቹ መጨረሻ ጊብሰን ለኒክ ሉካስ የሠራው አኩስቲክ ጊታር ነበር አለ። ሁለቱንም አመሰገንኩ። ሰው ስህተቱን በአደባባይ ሲታረም ያማል፣ ግን ከተሳሳተ ታሪክ ጋር ከመኖር ይሻላል።

5ኛውን የጻፈው የአዳማ ልጅ ነው። ከሁሉም ረጅሙ ጽሑፍ የእሱ ነው። ስለ አንገቱ ብቻ ነው የጻፈው። እሱ እጁ ትልቅ ነው፣ ጊታር የተማረውም አውራ ጣቱን ከአንገቱ ጀርባ መሃል ላይ አቁሞ ነው። እንዲህ ለሚይዝ ሰው የቪው ጠርዝ አውራ ጣት ላይ ይቆረቁራል። ባሬ ኮርድ፣ ማለትም በአንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ መጫን፣ ረዘም ላለ ጊዜ ሲይዝ እጁን እንደሚያመው ጻፈ። ጓደኛው ዘንድ ሞክሮት፣ ከሁለት ዘፈን በኋላ መልሶ እንደሰጠው ነገረን።

ልክ ነው። ይህን አልካድኩም። ግን እኔ አውራ ጣቴን ከላይ አሻግሬ ነው የምይዘው፣ ክራር የሚደረድር ሰው እንደሚያቅፈው አቅፌ። እንዲህ ሲያዝ የቪው ጠርዝ መዳፌ ውስጥ ያለው ጉድጓድ ላይ ቁጭ ይላል። ለኔ ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ቤንድ ሳደርግ (ክሩን ወደ ጎን ገፍቼ ድምፁን ሳነሳ) አንገቱ መዳፌ ውስጥ ማረፊያ ስለሚያገኝ የምገፋው በጣቴ ጉልበት ሳይሆን በአንጓዬ ነው።

ለምን ይህን ያህል ስለ ቤንድ እንደማወራ የትዝታ ሰው ይገባዋል። ትዝታ ሙሉ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው ይባላል። ወረቀት ላይ አዎ። ዘፋኙ ሲያዜመው ግን ሚ ላይ ሲደርስ ፍሬቱ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ አያርፍም። ከታች ተነስቶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ሳይደርስ ይመለሳል። አንቺሆዬ ላይ ሲሆን ይብሳል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። የሶል ፍላቷን ቦታ ማሲንቆ የሚያገኛት በጣት ተንሸራቶ ነው፣ ጊታር ግን ፍሬት አለው። ስለዚህ ጊታሪስቱ ፍሬቱ የማይሰጠውን ድምፅ ክሩን ገፍቶ ማምጣት አለበት። እዚያች ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ መያዝ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ድምፁ ይወላገዳል። የቪው አንገት ለእኔ እጄን ያረጋልኛል። የጣት ሰሌዳው ጉብታም 9.5 ኢንች (ቁጥሩ ሲያንስ ጉብታው ይብሳል) ስለሆነ ክሩን ዝቅ አድርጌ እንኳ ቤንዱ አይታነቅብኝም። በጥንቶቹ 7.25 ኢንች አንገቶች ላይ ክሩ ዝቅ ካለ ረጅም ቤንድ ላይ ድምፁ እንደሚሞት የያዛቸው ሁሉ ያውቃል።

የአዳማው ልጅ ይህን አንብቦ አውራ ጣቱን ከላይ አሻግሮ ሊሞክር ቃል ገባ። ሳይሞክር አልቀረም፣ በኋላ ተመልሷል።

6ኛው መልስ ጨዋታውን ወደ ሌላ ወሰደው። የጻፈችው ክራርም ጊታርም የምትጫወት ሴት ናት። ነጥቧ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ጊታር ድምፅ የተሠራው በክራር አምሳያ ነው፣ ክራር ደግሞ መሃለኛ ድምፁ የወፈረ መሣሪያ አይደለም። አጭር፣ ብሩህ፣ ነከስ የሚያደርግ ነው። ምሳሌዋ ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጊታሪስት ከሰላም ስዩም ነበር። የእሱን አጨዋወት የሰማ ሰው ድምፁ ንጹህና ቀጭን እንደሆነ ያውቃል፣ ክሩ በመዳፍ ታፍኖ ሲመታ ክራር ነው የሚመስለው። ታዲያ ይህን ለማምጣት ባትሪ የሚያሠራው ማወፈሪያ ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀች።

ይህ መልስ ሌሊቱን አሳስቦኛል። እኔም በሮሃ ካሴት ነው ያደግኩት። አባቴ ሱቅ ውስጥ ቴፑ ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም ነበር። የመጀመሪያዎቹን የጊታር መግቢያዎች የለቀምኩት ካሴቱን ወደኋላ እያጠነጠንኩ ነው። ስለዚህ የምትለውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ግን ትዝታ በክራር ብቻ አይደለም የሚዜመው። ማሲንቆ አለ፣ ሳክስፎን አለ። እነዚህ ድምፃቸው ይረዝማል፣ ያለቅሳል። ማወፈሪያውን የምፈልገው ለእነሱ ነው። በ7ኛው ላይ ይህን ብዬ መለስኩ። እሷም ይህ አነጋገር ይገባኛል፣ ግን ሁለቱን በአንድ ጊታር አገኛለሁ ካልክ አላምንህም አለች።

ከ8 እስከ 10 ያሉት ብዙ አያቆዩንም። አንዱ ዋጋውን ጠየቀ፣ ሌላው አስመስለው የተሠሩ እንዳሉ አስጠነቀቀ። ሦስተኛው ክላፕተን ራሱ ይጫወትበት የነበረው ብላኪ የተባለው ጊታር ከሦስት ስትራቶች ተገጣጥሞ የተሠራ እንደሆነ፣ በ2004 በጨረታ 959,500 ዶላር እንደተሸጠ ጻፈ። እውነት ነው። ግን ያ አንድ ጊታር ነው፣ ይህ ደግሞ በፋብሪካ የሚወጣ ሞዴል ነው። ሁለቱን ማምታታት አያስፈልግም።

11ኛው መልስ የሳውንድ ባለሙያ ነው። ከሐዋሳ ውጭም ብዙ ሰርግ የሠራ ሰው ነው። ስለ ድምፁ የመጀመሪያው ቁም ነገር ከእሱ መጣ። አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ያለው ፒክአፕ በዙሪያው ያለውን የመብራት ጩኸት ሁሉ ይሰበስባል። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ያ የምታውቁት እምምም የሚል ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። አዳራሹ በደንብ የተቀበረ ኧርዝ ከሌለው፣ በላዩ ላይ የጌጥ መብራትና ጄነሬተር ሲጨመር፣ ጊታሪስቱ ዝም ባለበት ሰዓት ስፒከሩ ይጮኻል። ኖይዝለሱ ግን ሁለት ጥቅል አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ነው የተሠራው። ጩኸቱ በሁለቱም ላይ ተቃራኒ ሆኖ ስለሚመጣ ይጠፋፋል። በእሱ አስተያየት ለሰርግ አዳራሽ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ጸሎተ ቡራኬ እየተደረገ ጊታሬ እየጮኸ ቮልዩሙን በሁለት እጄ የዘጋሁበት ዘመን ትዝ አለኝ።

12ኛው ተቃወመ። ጩኸቱ ሲጠፋ ሕይወቱም አብሮ ይጠፋል፣ የላይኛው ጥራት ይደነዝዛል አለ። ጮኸም አልጮኸም የድሮውን ባለ አንድ ጥቅል እንደሚመርጥ ጻፈ። በዚህ ላይ አራት አምስት ሰው ተከራከረ። ሁሉም የሚናገረው ከጆሮው ነው፣ ጆሮ ደግሞ ይለያያል።

13ኛው ግን እኔን ለይቶ መታኝ። የሐዋሳ ልጅ ነው። ባለፈው ጥር አንድ ሰርግ ላይ እንደሰማኝ ጻፈ። ጊታሩ በኪቦርዱና በሳክስፎኑ መሃል ተውጦ ምንም አይሰማም ነበር አለ። ይባስ ብሎ ትዝታ እየተዘፈነ መሃል ላይ ጭራሽ ጠፋ። ስሙን የሰማነው ጊታር ይሄ ከሆነ ከፊርማው በቀር ምንም የለውም፣ ሰው እንዲያይልህ ነው የያዝከው ብሎ ዘጋው።

ስልኬን አስቀምጬ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ተራመድኩ። ቆይቼ ነው የመለስኩት። ለታይታ የሚለውን አልተቀበልኩም። የቀረውን ግን እውነት ስለሆነ ተናገርኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። በምሳ ሰዓት ተጫወትን፣ ከዚያ እስከ ምሽቱ ፕሮግራም እረፍት ነበር። እኔ ጊታሩን ማቆሚያው ላይ አቁሜ ኬብሉን ሳልነቅል ወጣሁ። ባትሪ ያለው ጊታር የሚበራው ጃኩ ሲሰካ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ያ ሁሉ ሰዓት ሰርኪዩቱ ሲሠራ ዋለ። ማታ ሙሽሮቹ ገብተው ዘፋኟ ትዝታ ጀመረች። መግቢያውን ተጫወትኩ። ከዚያ ድምፁ መሻከር ጀመረ፣ ቀጭን ሆነ፣ ሞተ። የዚህ ጊታር ድምፅ ሁሉ በባትሪው ሰርኪዩት ነው የሚያልፈው። ማወፈሪያውን ዜሮ ብታደርገውም ያለ ባትሪ አይናገርም። ኪቦርዲስታችን የእኔን መስመር ወሰደልኝ። እስካሁን ውለታው አለብኝ። እኔ ግን ቀሪውን ሌሊት የተጫወትኩት ከጓደኛ በተዋስኩት ጊታር ነው። ለሙሽሮቹ ቤተሰብ ምንም አልተሰማቸውም፣ ለእኔ ግን ያቺ ትዝታ አልፋ ሄደች።

15ኛው ይህን አንብቦ ጨከነ። ያለ ባትሪ የማይናገር ጊታር ጊታር አይደለም፣ ሬዲዮ ነው አለ። 16ኛው ብሶ መጣ። የቤተክርስቲያኑ ጊታሪስት በ17ኛው ላይ በረጋ መንፈስ መለሰላቸው። ቤዚስቶቻችን ባትሪ ያለው ቤዝ ይዘው ስንት ዓመት ሆናቸው፣ ማንም አልከሰሳቸውም። ኬብል መንቀልና ትርፍ ባትሪ መያዝ ልማድ ነው፣ መሣሪያ አያስጠላም። በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ከዚያ ሰርግ ወዲህ ሁልጊዜ ከመድረክ በፊት በመለኪያ አየዋለሁ። ከ8 ቮልት በታች ከወረደ እቀይረዋለሁ። ገበያ ላይ አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 9 እንደማያሳይም ያወቅኩት በመለኪያው ነው።

ከ18 እስከ 21 ያሉት ከመንገድ ወጡ። ክር ቶሎ የሚዝገው የት ነው በሚል የሐዋሳና የአዳማ ልጆች ተያያዙ። የሐዋሳዎቹ የሐይቁን እርጥበት፣ የአዳማዎቹ ሙቀቱን፣ ላቡንና ነፋስ የሚያመጣውን አቧራ አቀረቡ። አንዱ አሞራ ገደል ዓሣ በልቶ እጁን ሳይታጠብ ጊታር የሚያነሳ ሰው ስለ ዝገት ሊያወራ አይገባም አለ። ከዚያ ወሬው ስለ ዓሣ ሆነ፣ ጥብሱ ይሻላል፣ ጥሬው በዳጣ ይሻላል እየተባለ ሄደ። ከዚህ መሃል አንድ የሚጠቅም ነገር ወጣ። የአዳማው ልጅ ክላፕተኑን እንደገና ሞክሮት ነበር። አውራ ጣቱን ከላይ አሻግሮ ሲይዘው ሌላ ጊታር እንደሆነበት፣ ለባሬ ኮርድ ግን አሁንም እንደማይወደው ጻፈ። ክሩ 12ኛው ፍሬት ላይ ስንት ከፍታ እንዳለው ጠየቀኝ። የእኔ 1.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በክረምት አንገቱ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ትራስ ሮዱን፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን ማቃኛ ብረት፣ ሩብ ዙር አስተካክላለሁ።

22ኛው መልስ ግን የጠየቅኩትን ጥያቄ ፈታው። የጻፈው ያው የሳውንድ ባለሙያ ነው። ወደ 2ኛው መልሴ ተመለሰ፣ ሚክሰር ላይ በቀጥታ እሰካለሁ ወዳልኩት። 25 ዴሲቤል ማለት ወደ 18 እጥፍ የሚጠጋ ቮልቴጅ ነው። ያ ሰርኪዩት የታሰበው ቲዩብ (የመስታወት ቫልቭ) ያለውን አምፕ ከፊት ለመግፋት ነው። ቲዩቡ ሲገፋ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ይጨምቀዋል፣ የምንወደው ለቅሶ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሚክሰር ላይ ሲገባ ግን የሚጨምቀው የለም። መግቢያውን ያጨናንቀዋል። ሳውንድ ማኑ ቀይ መብራት ሲያይ መስመሩን ዝቅ ያደርጋል። ጊታሪስቱ አልሰማ ሲል ማወፈሪያውን ይጨምራል፣ ሳውንድ ማኑ ደግሞ እንደገና ይቀንሳል። በዚያ ላይ መሃለኛው ድምፅ የዘፋኟም፣ የሳክስፎኑም፣ የኪቦርዱም ቦታ ነው። ሁሉም እዚያው ተጨናንቆ ጊታሩ ይዋጣል። ስለዚህ መጨመር ያለብኝ መሃሉን ሳይሆን የላይኛውን ቀጭን ድምፅ እንደነበረ አስረዳኝ።

13ኛውን የጻፈው ልጅ የሰማው ይህን ነው። እውነቱን ነበር። እኔ ማወፈሪያውን ስምንት ላይ አድርጌ፣ ወፍሮ ይሰማኛል ብዬ፣ ራሴን ከአዳራሹ አስወጥቼ ነበር። በ23ኛው ላይ በስም ጠርቼ አመሰገንኩት። እሱ ግን ገና አልረካም።

24ኛው የፒ.አር.ኤስ. ሲልቨር ስካይ ይሻላል ብሎ ገባ፣ ለጊታሪስቱ ለጆን ሜየር በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ማለቱ ነው። ዋናው 7.25 ኢንች ጉብታ አለው፣ በ2022 የወጣው ርካሹ ደግሞ 8.5። ጥሩ ጊታር ነው፣ ባትሪም አይፈልግም። ግን የረጅም ቤንድ ነገር ከላይ ያልኩት ነው። 25ኛው አይባኔዝ ጄም አነሳ፣ ያ 24 ፍሬት ያለውን፣ እንደ ሻንጣ የሚያዝ እጀታ የተፈለፈለበትን የስቲቭ ቫይን ጊታር። ለፈጣን ጣት የተሠራ ነው። አንገቱ ቀጭንና ጠፍጣፋ ነው። ትዝታ ላይ መዳፌ የሚይዘው ያጣል።

26ኛውን የጻፉት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን መጥራት አልፈለጉም። ሻሸመኔ ነው የሚኖሩት። ድሮ በሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር። አጭር ነው የጻፉት። ይህን ሁሉ ከማውራት ጊታሩን ይዘህ ጠብቀኝ፣ ማክሰኞ ሐዋሳ ጉዳይ አለኝ አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት መጡ። 27ኛው ላይ የጻፍኩት የዚያን ቀን ነገር ነው። ቲዩብ ያለው ትንሽ አምፕ ከጓደኛ አስመጥቼ ነበር። ጋሼ መጀመሪያ ጊታሩን አልሰኩትም። ባዶውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንገቱን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው አሹት። ከዚያ ሳይሰኩ በባቲ ቅኝት ተጫወቱ። ክሩ ራሱ መናገር አለበት፣ ከዚያ በኋላ ነው ኤሌክትሪኩ ብለው ነገሩኝ። ከሰኩት በኋላ ማወፈሪያውን ሁለት ላይ አደረጉ። የቶኑን ቁልፍ አዩት። ቲ.ቢ.ኤክስ. የሚባለው ነው፣ መሃሉ ላይ ጠቅ ይላል። ከመሃሉ ወደ ታች ሲዞር እንደ ማንኛውም ቶን ጥራቱን ይቀንሳል፣ ወደ ላይ ሲዞር ይከፍተዋል። የእኔ ከመሃሉ በታች ነበር። ስድስት ወር ሙሉ እዚያ ነበር። ጋሼ ጠቅ አድርገው አሳለፉት። ታፍኗል የተባለው ድምፅ ግማሹ እዚያች ቁልፍ ላይ ነበር።

ከዚያ የአንገቱንና የመሃሉን ፒክአፕ አጣምረው ትዝታ ጀመሩ። ቀስ ብለው። ሚ ላይ ሲደርሱ ከሬ ተነስተው ገፉት፣ ሊደርስ ሲል አቆሙት። እዚያው ይዘውት ቆዩ። ማወፈሪያው ሁለት ላይ ስለሆነ ድምፁ አልወፈረም፣ ግን አልሞተም። ቆሞ ጠበቃቸው። እኔ ይህን ጊታር ያን ያህል ቀጭንና ያን ያህል ረጅም ሆኖ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጓደኛዬ ቡና ይዞ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ቆመ።

በስልክ የቀዳሁትን አንድ ደቂቃ 28ኛው ላይ አያያዝኩት። ጋሼ ፈቅደዋል፣ ፊታቸው አይታይም፣ እጃቸው ብቻ ነው።

29ኛውን የጻፈው ያው 13ኛውን የጻፈው ልጅ ነው። ሰማሁት አለ። ይህ ድምፅ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ያን አልጽፍም ነበር፣ ለታይታ ያልኩትን አንስቻለሁ ብሎ ጻፈ። ክርክሩ ላይ ያስጨነቀኝ እሱ ነበር፣ ጊታሬን በትክክል የሰማውም እሱ ነበር።

30ኛዋ ክራር ተጫዋቿ ናት። አቋሟን አልቀየረችም። ቀረጻውን ደጋግማ ሰምታ ማሲንቆውን ሰማሁት፣ ክራሩን ግን አሁንም አልሰማሁትም አለች። ብሪጅ ፒክአፑ ላይ በመዳፍ አፍኜ እንድሞክር ጠየቀችኝ። ሞከርኩ። ልክ ናት። ያ ንክሻ ከዚህ ጊታር አይወጣም፣ ማወፈሪያው ዜሮ ሆኖ፣ ቶኑ ተከፍቶ እንኳ ጠርዙ ትንሽ ይለሰልሳል። ለክራር መሰሉ ዘፈን የድሮውን ርካሽ ስትራቴን ይዤ እወጣለሁ። ጩኸቱን እችለዋለሁ።

31ኛው ከዲላ ነው፣ ገና ጀማሪ ነው። ያለው ጊታር ስም የሌለው ነው፣ አንገቱም ክብ ነው። በዚያ ላይ አውራ ጣትን ከላይ አሻግሮ ቤንድ መማር ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይቻላል። ክሩን ከ10 ወደ 9 ቀይር፣ ቤንዱን በሦስት ጣት ግፋ፣ አንጓህን አዙር አልኩት። ቅዳሜ ለልብስ ግዢ ሐዋሳ እንደሚመጣ ነገረኝ። መናኸሪያ ጋ እጠብቀዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊታሮች ይዤ።